የወንድሜ ላንድሮቨር ገበያ የወጣችበት ቀን

ወንድሜ በአንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ከቆቦ ጎብዬ፣ ከዚያም ወደ ቆላው ገበያዎች ሰውና ማሽላ ሲያመላልስ ኖረ። ጦርነቱ መንገድ በሚዘጋበት በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ከጎብዬ ሰው ጭኖ ወደ ቆቦ ሲመለስ ሮቢትን አለፍ እንዳለ ናፍጣ አለቀበት። ጀሪካን ይዞ በእግሩ ወደ ሮቢት ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አየሁት የሚል ሰው አላገኘንም። መኪናዋን ብቻ በትራክተር ጎትተው አምጥተው እናታችን ግቢ፣ ቁልቋሉ ሥር አቆሙልን።

እናቴ መርዶ አልተቀበለችም። ሬሳ አላየች፣ ቀበርኩት የሚል አልመጣ፤ ስለዚህ ድንኳን አልተተከለም፣ ፍታትም አልተደረገም። ጎረቤቶቻችን "ነፍስ ይማር" የሚለውን ቃል ደጃፋችን ላይ ሲደርሱ ይውጡታል። እሷ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የመኪናዋን መስታወት በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። ስለ እሱ ስታወራ "ነበር" አትልም።

እኔ አዲስ አበባ ሥዕል ተምሬ፣ ተመልሼ ቆቦ አስተምራለሁ። ስማር ከሁሉ ይበልጥ የሚማርከኝ ክዋኔ የሚሉት ሥራ ነበር፤ ሸራና ቀለሙን ትቶ በገዛ አካል፣ በሰው ፊት የሚሠራው። ወንድሜን ለመሳል ስሞክር መሪ የያዙ እጆቹ ይመጡልኛል፣ ጀርባው ይመጣልኛል፣ ፊቱ ግን እምቢ ይላል። በመጨረሻ ሌላ ነገር አሰብኩ። በገበያ ቀን መኪናዋን ገበያው ዳር አቆማታለሁ። የሹፌሩን ወንበር ባዶ ትቼ፣ ሹፌሩን እንደሚጠብቅ ተሳፋሪ ጋቢና ተቀምጬ እውላለሁ። አንድ ቃል አልናገርም።

"እማ፣ መኪናዋን ለአንድ ቀን ገበያ ላውጣት" አልኳት።

"ልትሸጫት ነው?"

"አይደለም። ሰው እንዲያያት ነው።"

"እሺ። ግን ሳይመሽ መልሻት። መጥቶ ቢያጣት ይቆጣል።"

የሰፈር ጎረምሶች እየገፉ ወስደው አቆሙልኝ። ጠዋት ሰው ከበበኝ። "ይሸጣል?" የሚል አለ። አንድ ባጃጅ ነጂ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ "እህቴ፣ ይቺ ከጎተቷት እንጂ በራሷ የምትሄድ አይመስለኝም" ብሎ አሳቃቸው። መልስ ሲያጡ "አሟት ይሆን?" "ኧረ አስተማሪ ነች፣ ተዋት" ተባብለው ወደ ገበያቸው ተበተኑ። ፀሐዩ ሲበረታ ላሜራው ጋለ። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ወደ ጎኔ ላለማየት የዞብልን ተራራ አያለሁ። የሹፌሩ ወንበር ግን ሰው እንደተቀመጠበት ሰርጉዶ ቀርቷል፤ ባዶ ነው ብዬ ራሴን ማሳመን ከበደኝ።

ቀትር ላይ የኋላው በር ተከፈተ። ሽርጥ የታጠቁ የቆላ ሽማግሌ ነበሩ። ዱላቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው ከሹፌሩ ወንበር ኋላ ተቀመጡ።

"ያን ቀን እዚችው ነበርኩ፣ ልጄ" አሉኝ።

አልዞርኩም።

"ናፍጣው ሲያልቅ ሌሎቹ ወርደው በእግራቸው ቀጠሉ። እኔን ግን፣ አባባ ፀሐይ ነው፣ አይውረዱ፣ መጣሁ አለኝ። አልወረድኩም። እስከ መግሪብ ጠበቅሁት።" ከዚያ ቀስ ብለው "አላህ ይዘንለት" አሉ።

ያን ቃል ለወንድሜ ሲባል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ከፊት ጎማው አጠገብ ቲማቲም ዘርግታ የምትሸጠው ሴትዮም ሰማች። ተነስታ መኪናዋን አየቻት፣ ባዶውን ወንበር አየች።

"ይቺ የዚያ የሹፌሩ መኪና አይደለች? ሞተ እንዴ?" አለች፤ መልስ ሳትጠብቅም እጇን ራሷ ላይ አድርጋ "ወይኔ ወንድሜ! ሜዳ የቀረኸው!" ብላ ጮኸች።

ሴቶች ከየመደባቸው ተነስተው መጡ። ደረት የምትመታ አለች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ የምታስር አለች። እያንዳንዷ የምትጠራው የየራሷን ሰው ነበር፤ ባሏን፣ ልጇን፣ አባቷን። እኔ ያሰብኩት ይህን አልነበረም። ወርጄ ዝም በሉ ልል ፈለግሁ፤ ግን ከጋቢናው አልወረድኩም።

ቤታችን ከገበያው ቅርብ ነው። እናቴ ለቅሶ ሰምታ መቅረት አታውቅም፤ የጎረቤት ሰው የሞተ መስሏት ነጠላዋን እየጎተተች መጣች።

"ማን ሞተ?" አለች ከሩቅ።

ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት።

"ምን ሆናችሁ? ማን ነው የሞተው?"

መኪናዋን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ሽማግሌው በዱላቸው ተደግፈው ወረዱና ፊቷ ቆሙ።

"አብሽሪ፣ እህቴ። ልጅሽ ያን ቀን በዚች መኪና ያሳፈረኝ ሰው ነኝ" አሏት።

"ጠብቀውት ነበር?"

"እስኪመሽ ጠብቄዋለሁ።"

"ብቻዎን?"

"ብቻዬን።"

"እኔም" አለች እናቴ። ከዚያ ጎማው ሥር፣ አፈሩ ላይ ተቀመጠችና ወንድሜን በስሙ እየጠራች አለቀሰች።

መኪናዋን ሲመልሷት ጎረምሶቹ ብቻ ሳይሆኑ ገበያተኛውም ገፋ። እናቴ እጇን የመኪናዋ ኋላ ላይ አሳርፋ ተከተለች። ስናልፍ በየሱቁ ደጃፍ የተቀመጡ ሰዎች ለቀብር እንደሚነሱት ተነሱልን። በማግስቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፤ ድንኳን ተተከለ፣ ፍታትም ተደረገ። ሽማግሌውም ዘመዶቻቸውን ይዘው ከቆላ መጥተው አብረውን ተቀመጡ። "ጥሩ አደረግሽ" የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እናቴ ግን አንድም ቀን አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት።

ከዚያ ወዲህ ሰው የጠፋባቸው ከሮቢትም ከጎብዬም ይመጣሉ። ፈቃድ ጠይቀው የኋላ ወንበር ላይ ትንሽ ይቀመጡና ይሄዳሉ። እናቴ ውኃ ታቀርብላቸዋለች፣ ለማን ብለው እንደመጡ አትጠይቅም።

በቅርቡ ከሥራ ስመለስ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ መኪናዋ የኋላ ወንበር ላይ ሻሿን ያሰረች ሴት ያየሁ መሰለኝና "እንደምን ዋልሽ?" አልኩ። እናቴ ድምፄን ሰምታ ከቤት ወጣች።

"ማንን ነው የምታናግሪው? ዛሬ እኮ ማንም አልመጣም" አለችኝ።

ሁለታችንም፣ ማን ተቀምጦ እንደሆነ ላለማየት፣ ወደ መኪናዋ ሳንዞር ተያይዘን ገባን።