አክተሩ ያልተነሳበት ፊልም

ሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ባደግንበት ሠፈር አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር፤ የካራቴ ፊልም ብቻ ያሳያል። እዚያ ቤት የማይጣስ ሕግ ነበር፤ አክተሩ አይሞትም። አክተር የምንለው ዋናውን ሰው ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ለመደብደብ የመጡ ናቸው። አክተሩ ደም በደም ሆኖ ሲወድቅ ቤቱ በሙሉ «ተነስ!» ይላል፤ እሱም ይነሳል። እኔ አግዳሚው ላይ ቆሜ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ነበር የምጮኸው።

ታላቅ ወንድሜ አይጮህም። ዓይኑ የተደባዳቢዎቹ እግር ላይ ነው። ቤት ስንገባ ያየውን ሁሉ የቆርቆሮው አጥር ላይ ይሞክረዋል፤ እናታችን ደግሞ የሰይጣን ሥራ ነው ብላ ትጸልይበታለች። አድጎም አልተወውም። ቀን ቢሮ ይሠራል፣ ከሥራ ሲወጣ ዉሹ የሚባለውን የቻይና ማርሻል አርት ያሰለጥናል። ከጓደኞቹ ጋር፣ እሱ አክተር ሆኖ፣ በስልክ ፊልም መቅረጽ ሲጀምር የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ የከተማው ሰው አይቶት «ይሄ ልጅ የእውነት ይችላል» እንዲል።

የመጨረሻውን ድብድብ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ቀረጹት። ዓሣ የሚታጠብበት ድንጋይ እንደሚያንሸራትት የማያውቅ የሐዋሳ ሰው የለም፤ ለፊልሙ ያምራል ብለው እዚያው ላይ ዘለሉ። ወንድሜ በጉልበቱ ወደቀ። ሐኪሙ ከእንግዲህ መዝለል የለም አለው። ሌላ መጨረሻ መቅረጽ ስላልቻሉ አወዳደቁን እንዳለ አስገብተው አክተሩ እዚያው እንዲሞት አደረጉ።

ፊልሙ ባህል አዳራሽ አንድ እሑድ ከቸርች መልስ ታየ። ቦታው ጢም ብሎ ነበር። ወንድሜ ክራንቹን ወንበር ሥር ደብቆ አጠገቤ ተቀመጠ። በእያንዳንዱ ርግጫ ይጨበጨባል፤ በጨለማው ውስጥ ጥርሱ ሲታይ ደስ አለኝ።

ከዚያ ድንጋዩ መጣ።

«ኧረ ይሄ እንኳን ውሸት ነው! እንዲህ ተብሎ ይወደቃል እንዴ?» አለ ከኋላችን አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በፊልሙ ውስጥ የእውነት የነበረው ያ አወዳደቅ ብቻ ነበር። ከዚያ አንዱ «ተነስ!» አለ፤ ሁሉም ተቀበለው፤ «ተነስ! ተነስ!»

እኔም ጮህኩ። ያን ጉልበት በየማታው የማሽለት እኔ፣ እንደ ልጅነቴ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህኩ። ዞር ብዬ ሳየው እያየኝ ነበር። እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

መብራት ሲበራ ሰዉ «አክተር ይሞታል እንዴ?» እያለ እያጉረመረመ መውጣት ጀመረ። ወንድሜ አልተንቀሳቀሰም።

«ሁሉም ይውጡ» አለኝ ቀስ ብሎ።

የመጨረሻው ሰው እስኪወጣ ጠበቅን። ከዚያ ክራንቹን ከወንበሩ ሥር አወጣሁለትና ብብቱን ይዤ አስነሳሁት።