ሌባ ብዬ ያስጸለይኩባት የወንድሜ ሚስት

ወገኖቼ፣ ስሙ ይባረክ! ዛሬ ከፊታችሁ የቆምኩት የጌታን ቸርነት አፌን ሞልቼ ልናገር ነው፤ አስቀድሜ ግን ጉዴን ስሙኝ። እኔ ሰው የማላምን ሴት ነበርኩ። ጌታን ስቀበልም ጥርጣሬዬን ከነጓዙ ይዤ ነው የገባሁት።

እናቴን ታውቋታላችሁ፤ ፍኖተ ሰላም ገበያ በርበሬ ስትሸጥ የኖረች ናት። አምና የሳጥኗ ቁልፍ ጠፋ። ከዚያ መነጽሯ፣ ከዚያ ነጠላዋ። «አለምነሽ ናት የወሰደችው፤ ዝም ብለሽ ተከታተያት» አለችኝ በጆሮዬ። አለምነሽ የወንድሜ ሚስት ናት፤ አብራን ትኖር ነበር። እኔም አመንኩ! ስትስቅ እንኳ «ደግሞ ምን አግኝታ ይሆን?» እል ነበር። እናቴ ወጥ ላይ ጨው ሁለቴ ስትጨምር፣ አንዱን ነገር አሥር ጊዜ ስትጠይቀኝ፣ ከገበያ ስትመለስ ሰፈሯ ጠፍቷት ሰው ይዟት ሲመጣ፣ «ይቺ ልጅ አንድ ነገር አብልታት ይሆናል» አልኩ።

ለቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ነገርኩ። እዚሁ ፊት አቁመን፣ የሌብነት መንፈስ እንዲለቃት ጸለይንባት። እያለቀሰች ቡሬ ወላጆቿ ቤት ሄደች።

በሄደች በሦስተኛው ሳምንት፣ ወገኖቼ፣ የእናቴ አዲሱ መነጽር ጠፋ! «አለምነሽ ናት፤ ጠዋት እዚህ ነበረች» አለችኝ። ያኔ ደነገጥኩ። ቤቱን ስበረብር ቁልፉም፣ ነጠላውም፣ ሁለቱም መነጽሮች ከበርበሬ ጆንያ ውስጥ ወጡ። ጆንያው የታሰረው እናቴ በምታስርበት አስተሳሰር ነበር።

ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙንም ተጠራጠርኩት! «መቼም እርጅና ነው ልትለኝ ነው» አልኩት።

«እርጅና ብቻ አይደለም» አለኝ። «ዕቃውን ራሳቸው ያስቀምጡና ይረሱታል፤ ከዚያ ተሰረቅሁ ይላሉ። ሌላ በሽታ እንዳይሆን መርምረናል፤ የአልዛይመር ጅማሬ ይመስላል። ቀደም ብላችሁ ብታመጧቸው ጥሩ ነበር፤ አሁንም ግን አልረፈደም።»

ሃሌሉያ! እዚያ ወንበር ላይ ነው ጌታ ያገኘኝ። እናቴ አልተፈወሰችም፤ የተሰበረው የእኔ ልብ ነው። ቡሬ ሄጄ አለምነሽ እግር ላይ ወደቅኩ፤ ተመለሰችልኝ። ዛሬ እናቴን የምታጥባት፣ የምታጎርሳት እሷ ናት። አሁን እናቴ ሌባ የምትለው እኔን ነው! አለምነሽ ግን «ኧረ እማማ፣ እሷስ አትሰርቅዎትም» እያለች ትሟገትልኛለች። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አላልኩላትም። ስሙ ይባረክ!

ጌታን እመኑት፤ አያሳፍርም። ወላጆቻችሁ መርሳት ሲጀምሩ ጸልዩላቸው፣ ሐኪም ቤትም ውሰዷቸው እንጂ ሌባ አትፈልጉ። አለምነሽ ያችውላችሁ፣ ከኋላ ተቀምጣለች። እኔ ይቅርታ ጠይቄአታለሁ። ያን ቀን እጃችሁን የጫናችሁባት ወገኖች፣ እናንተስ?