አንዴ ጠይቆ የተኛው ሰዓት

አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። አሰላ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ፤ የተበላሸ ማተሚያ ከመጠገን ጀምሮ ሠራተኛው ሲገባና ሲወጣ ጣቱን የሚያሳርፍበትን የአሻራ ማሽን እስከ መቆጣጠር ያለው ሁሉ የእኔ ሥራ ነው። አንድ ቀን ጠዋት የጽዳት ሠራተኛችንን ቢሮዬ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሁላችንም አዴ ነው የምንላቸው፤ እዚህ ትልቅ ሴት በኦሮምኛ የምትከበርበት መጠሪያ ነው። በእጃቸው የታጠፈ ደብዳቤ ይዘዋል።

«ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ እስቲ አንብብልኝ» አሉኝ። «ቀርተዋል ይላል አሉኝ። እኔ መቼ ነው የቀረሁት?»

ደብዳቤው ያለ ፈቃድ አስራ አንድ ቀን ስለቀሩ ከሥራ ሊሰናበቱ መሆናቸውን፣ መልስ ካላቸው በሦስት ቀን ውስጥ እንዲያቀርቡ ይገልጻል። አስራ አንድ ቀን! እኚህ ሴት የጭላሎ ተራራ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ወቅት እንኳ በጋቢ ተጠቅልለው፣ ለአስራ ሁለት አስር ጉዳይ ላይ በሩ ጋ የሚደርሱ ናቸው። እኛ ሁለት ተኩል ላይ እየተንጠራራን ስንገባ ወለሉ ተወልውሎ፣ ደርቆ ይጠብቀናል። ያንን ወለል አስራ አንድ ቀን ሙሉ ማን እንደወለወለው የጠየቀ የለም።

ማሽኑ የመዘገበውን ከፈትኩ። የአዴ አሻራ አለ፤ ግን ሃያ ሦስት ሰዓት ከሃምሳ ይላል፣ ያውም ከአንድ ቀን በፊት። የእኔን አየሁ፤ ሁለት ተኩል። ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ስምንት ተኩል ማለት ነበረበት። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ።

ከሁለት ሳምንት በፊት እኔ ኢተያ ከተማ ለቅሶ ላይ ሳለሁ መብራት ሄዶ መጣ። ማሽኑ ሰዓት የሚቀበልበት ኮምፒውተር ባትሪው ሞቶ ስለነበር ቀኑንም ሰዓቱንም ረስቶ ተነሳ። የአስተዳደር ኃላፊያችን ባትሪውን አስቀየረና ደወለልኝ፤ የይለፍ ቃሉን ነገርኩት። ቀኑን ከስልኩ አይቶ በፈረንጅ አስገባ። ሰዓቱን ግን እጁ ላይ ካሰረው ገለበጠ፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበርና ሦስት ብሎ ጻፈ። ኮምፒውተሩ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው ማለቱ መስሎት አመነው፤ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ኃላፊው ዝርዝሩን ባየ ቁጥር ሁላችንም ሁለት ተኩል ላይ ገብተናል። ለእሱ ዓይን የሚጎረብጥ ነገር የለም። አዴ ግን የሚገቡት ከአስራ ሁለት በፊት ነው፤ የተሳሳተው ማሽን ደግሞ አዲሱን ቀን የሚጀምረው ልክ በዚያ ሰዓት ስለነበር እሳቸውን ወደ ትናንት ወረወራቸው፤ የዕለቱ ጠዋት መግቢያቸው ባዶ ሆነ። ሴትዮዋ ቀድመው ስለመጡ ቀሪ ተባሉ።

ይህ እንዳይሆን ነበር እኮ ሰዓት የሚያስተካክል ፕሮግራም የጫንኩት! ሥራው ቀላል ነው። ትክክለኛ ሰዓት የሚሰጥ ሌላ ኮምፒውተር በኢንተርኔት ላይ በስሙ ይፈልጋል፣ ስሙ ወደ ቁጥር አድራሻ ይቀየርለታል፣ ከዚያ ሰዓቱን ይጠይቃል። መብራት ሲመጣ ግን ኮምፒውተሩ ቶሎ ይነሳል፤ ኔትወርኩ ገና ዓይኑን እያሸ ነው። ፕሮግራሙ አንዴ ስሙን ይጠይቃል፣ መልስ ያጣል፣ ስሙ የለም ብሎ ይተኛል። ሳምንታት ሙሉ ይተኛል። የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ ሊቀበሉ አይችሉም ሲባል ሰውየው ሞቷል ብሎ ድንኳን የሚጥል ጎረቤት አይታችኋል? ይኸው ነው።

የጻፉት ሰዎች መብራት የማይጠፋበት አገር ይኖሩ ይሆናል፤ እኔ ምን አገባኝ! አላገኘሁም ማለትና የለም ማለት አንድ አይደለም። ያጣ ፕሮግራም ትንሽ ቆይቶ ይጠይቅ፣ አሁንም ካጣ ጊዜውን እያራራቀ ይጠይቅ፣ ሌላ ስም ይሞክር፣ ግን አይተው። ሁሉም እምቢ ካለው ይህን ሰዓት አትመኑ ብሎ ይጩህ። የእኛው በሥራ ላይ ነኝ የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ለጥፎ ነበር የተኛው። ከሁሉም በላይ የምናደደው ግን በራሴ ነው። ስሙን አላገኘሁም የሚለውን መልእክት ከወር በፊት አይቼዋለሁ። ነገ አየዋለሁ ብዬ ዘጋሁት።

ዝርዝሩን አትሜ ከአዴ ጋር ኃላፊው ቢሮ ገባሁና ሁሉንም አስረዳሁ። አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ የእጁን ሰዓት አየ።

«ታዲያ ይሄ የሲስተም ችግር ነዋ» አለ። «ሰው አላጠፋም።»

«ሰዓቱን ያስገቡት እርስዎ ነዎት!» ብዬ ጮህኩ። «የተኛውን አይቼ ያለፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ሲስተም የሚባል ሰው እዚህ ቤት አልተቀጠረም!»

አዴ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። «ማሽኑ ስንት ጊዜ ጠየቀ አልክ?»

«አንዴ፣ አዴ።»

«እናንተስ እኔን ስንት ጊዜ ጠየቃችሁኝ?»

ኃላፊው እስክሪብቶውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

ደብዳቤው በዚያው ቀን ተሻረ። ሰዓቱን አስተካከልኩ፤ ፕሮግራሙንም መልስ እስኪያገኝ ደጋግሞ እንዲጠይቅ፣ ካቃተውም ስልኬ ላይ መልእክት እንዲልክልኝ አደረግኩት። ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ አድሮ ሲመጣ ልፈትሸው ማልጄ ሄድኩ። አዴ ኮሪደሩን እስከ ግማሽ ድረስ ወልውለው፣ መወልወያቸውን ተደግፈው ማሽኑ ፊት ቆመዋል። ጣታቸውን አላሳረፉም።

«ምን እየጠበቁ ነው?» አልኳቸው።

«አስራ ሁለት ይለፍ ብዬ ነው። ቀድሜ መጥቼ እንዳልቀር።»

«ተስተካክሏል እኮ፣ አዴ።»

«እሺ ልጄ» አሉኝ፤ ግን አልተንቀሳቀሱም።