መብራቱ እስኪመለስ የሚጠብቀው ወንድሜ

ታላቅ ወንድሜ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሙሳክ ውስጥ፣ ጋራዥ ማለት ነው፣ የናፍጣ ትራክተር ይጠግን ነበር። እንደሱ ያለ ግትር አላየሁም። የሞተሩ ማስጠንቀቂያ መብራት በርቶ ከጠፋ፣ ሌሎቹ መካኒኮች የብልሽቱን ኮድ በኮምፒውተር ሰርዘው «በሴደር፣ ደህና ነው» ይላሉ። እሱ ግን ሞተሩን አስነስቶ፣ ሽቦውን እየነቀነቀ፣ መብራቱ እስኪመለስ ቁጭ ነው።

«ጋሼ፣ ሙሽራ ነው እንዴ የምትጠብቀው?» እለዋለሁ ምሳውን ሳመጣ።

«የተደበቀ ሌባ ሄደ አይባልም፣ አንቺ ለፍላፊ።»

ለቅሶው ላይ እነዚያ ኮድ ሰራዦች ተንሰቀሰቁ። ዓይናቸው አያፍርም። በቁሙ «ቀርፋፋው ሽማግሌ» ሲሉት አልነበር?

ትናንት እነሱ በሴደር ያሉት ትራክተር ሽኩና ቫቭ ሰፈር ውስጥ ሞተሩ ጠፍቶ መንገድ ዘግቶ ቆመ። እየተንከተከትኩ ለወንድሜ ልነግረው ደወልኩ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ካደረግሁ በኋላ ነው ማን ያነሣዋል ብዬ ያሰብኩት።