ከኮሎኔሉ ትከሻ ላይ ያጠፋሁት እጅ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ሥራዬ ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር ስለሚመጣብኝ፣ ጽፌው ቢቀለኝ ብዬ ነው።

ወደ ካራ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለች ትንሽ ፎቶ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ ያረጀ ፎቶ አድሳለሁ፣ ለለቅሶ የሚሆን ባነር አዘጋጃለሁ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሶስና የምትባል የመሪ ሰፈር ልጅ ዓይኗ አብጦ መጣች። አባቷ ኮሎኔል ወርቅነህ ሌሊቱን አርፈዋል።

እኔም አውቃቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት ቀኝ እግራቸውን ሳብ እያደረጉ በደጃችን ያልፋሉ። ጭቃም ይሁን አቧራ ጫማቸው የተወለወለ ነው። “እንደምን አደርሽ” ሳይሉኝ አልፈው አያውቁም።

ሶስና ከቦርሳዋ የመዳፍ ያህል ፎቶ አወጣች። “ከወታደርነቱ የቀረን ይሄ ብቻ ነው። ሌላውን መንግሥት ሲለወጥ እማዬ ፈርታ አቃጠለችው” አለችኝ።

ፎቶው ላይ አንድ ወጣት መኮንን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከኋላው ትንሽ ወደ ጎን ብሎ አንድ ቀጭን ወታደር አለ። እጁን መኮንኑ ትከሻ ላይ አሳርፏል።

“ይሄኛው ማነው?” አልኳት።

“እኔ እንጃ። አጥፊልኝና አባዬ ብቻውን ይሁን።”

አጠፋሁት። መጀመሪያ ሰውየውን፣ ቀጥሎ እጁን። ከሌላኛው ትከሻ ላይ የደንብ ልብሱን ጨርቅ ወስጄ እጁ የነበረበትን ሸፈንኩት። እውነቱን ለመናገር በሥራዬ ኮራሁ። ምንም አያስታውቅም ነበር።

በማግስቱ ቀብር ሄድኩ። ባነሩ ከሬሳው ሳጥን ፊት ተይዞ ነበር። የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ጦር ሠራዊቱን መቀላቀላቸው፣ ከምክትል መቶ አለቃነት ተነስተው ኮሎኔል መሆናቸው፣ ሠራዊቱ ሲበተን የእህል መጋዘን እየጠበቁ ልጆቻቸውን ማሳደጋቸው ተነገረ። እግራቸውን በወጣትነታቸው የመኪና አደጋ እንደጎዳውም ተነበበ።

በሠልስቱ ዕለት ያንኑ ፎቶ በትልቁ አሳትሜ፣ ፍሬም አስገብቼ ወሰድኩላቸው። ድንኳኑ ውስጥ ሰቀልነው። ብዙም ሳይቆይ ነጭ ጺም ያላቸው አንድ ሽማግሌ ገቡ። ከሻሸመኔ መምጣታቸውን ለአስተናጋጆቹ ሲናገሩ ሰማሁ። እንደ ሌላው ሰው አላለቀሱም። ቀጥ ብለው ፎቶው ፊት ሄደው ቆሙ። ከዚያ በጣታቸው ትከሻውን ዳሰሱት።

“ይህን የሠራው ማነው?” አሉ።

ሊያመሰግኑኝ መስሎኝ ተጠጋሁ። “እኔ ነኝ አባባ።”

“እጄን ምን አደረግሽው?”

ሶስና ሰምታ መጣች። ወንበር ሰጠናቸውና ተቀመጡ።

“አሥር አለቃ በዳሳ እባላለሁ” አሉ። “አባትሽ ገና መቶ አለቃ ሳሉ ሹፌራቸው ነበርኩ። ጦሩ ተራራ ላይ ሰፍሮ ውሃ የማመላልስለት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ወባ አንዘፈዘፈኝ፤ መሪ መያዝ አቃተኝ። ላይ ያሉት ወታደሮች ውሃ ካጡ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። መንገዱ ላይ ደግሞ ፈንጂ ተጠምዷል ይባላል። መኮንን ናቸው፣ ሌላ ሹፌር ማዘዝ ይችላሉ። ‘እኔ የምፈራው መንገድ ላይ ሰው አልክም’ ብለው ራሳቸው ነዱ። ደርሰው ውሃውን አራገፉ። ሲመለሱ መኪናው ፈንጂ ላይ ወጣ። የተቀመጡት እኔ ወንበር ላይ ነበር።”

ሶስና አፏን በነጠላዋ ያዘች። “ለእኛ የመኪና አደጋ ነው ያለን።”

“መኪና ውስጥ ነበሩ፤ አልዋሿችሁም” አሉ አባባ በዳሳ። “ፎቶውን የተነሳነው ከሆስፒታል የወጡ ዕለት ነው። ‘በምርኩዝ አልነሳም’ አሉ። ገና መቆም አይችሉም ነበር። ከኋላ የደገፍኳቸው እኔ ነኝ። እጄን ባነሳ ይወድቁ ነበር።”

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። “ይቅርታ ያድርጉልኝ” አልኳቸው።

“አንቺ ምን አጠፋሽ ልጄ? ልጆቹም አያውቁ። እሳቸውም አልተናገሩ” አሉኝ።

ወደ ፎቶ ቤቱ እየሮጥኩ ሄድኩ። መብራት የለም። ያልተነካካውን ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጬው ይሁን ወይስ አጥፍቼው ትዝ አላለኝም። ትንሿን ፎቶ ደግሞ ሶስና ወስዳት፣ በለቅሶው ግርግር የት እንዳስቀመጠቻት ጠፍቶባታል። ወደ ሁለት ሰዓት ያህል ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ ስጸልይ ነበር። መብራቱ መጥቶ ስከፍተው ሁለቱም ሰዎች እንደቆሙ አገኘኋቸው። አለቀስኩ።

ሳይመሽ አሳትሜ ተመለስኩ። ሶስና ቀድሞ የሰቀልነውን ፎቶ በገዛ እጇ አወረደችና አዲሱን ሰቀለች። ከዚያ በሩ አጠገብ የተቀመጡትን አባባ በዳሳን ደግፋ አስነሳቻቸው። “ቦታዎ እዚህ ነው” ብላ ከልጆቹ መሃል አስቀመጠቻቸው።

ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት። “መቶ አለቃዬ!” እያሉ ጮኸው አለቀሱ። ከዚያ በኋላ ለቅሶ ሊደርስ የገባ ሰው ሁሉ፣ ማን መሆናቸውን ባያውቅም፣ “እግዚአብሔር ያጥናዎት” እያለ አለፈ።

አባባ በዳሳ አንድ ቅጂ ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ። እኔም ሥራዬን ቀጥያለሁ። ደንበኛ “ይሄን ሰው አጥፊልኝ” ካለኝ አጠፋለሁ፤ እንጀራዬ ነው። ያን እጅ ለማጥፋት ግን አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም ነበር። እሱን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም አፍራለሁ።