ከበረዶው ስር የምታንኳኳው ሴት

ታርሞን ያወቅኩት ኑርሜስ በምትባል በረዷማ የፈረንጅ አገር ከተማ ፖስታ ቤት አብረን ደብዳቤ ስንለይ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ከሰላምታ ሌላ አላወራንም፤ እሱ ዝምተኛ፣ እኔ ዓይን አፋር። አንድ ቀን አንድ ጥቁር ካሴት ሲያሽግ አየሁና ምንድነው ብዬ ጠየቅኩት። የሚከተለውን ራሱ ነው የነገረኝ። ጽፌ ስለማላውቅ ካበላሸሁት ይቅርታ።

ታርሞ ሃምሳ ሊሞላው ነው። በአዘቦት ቀን ፖስታ ያድላል፤ ቅዳሜ ከከተማዋ ሐይቅ ዳር ባለችው የእናቱ ሳውና፣ ማለት የእንፋሎት መታጠቢያ ጎጆ ውስጥ፣ ከከበሮ መቺው ከኦስሞ ጋር ሄቪ ሜታል የሚባለውን ጩኸታም ሙዚቃ ይጫወታል። የሚያውቃቸው ሁለት መቶ ሰው ቢሆን ነው። ሦስት ዓመት የለፉበት አልበም ዘጠኝ ዘፈን አለው፤ ዘጠኙም የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። ሐይቁ ውስጥ ሰምጣ ቀርታ በየብርዱ ሐይቁ ላይ የሚጋገረውን በረዶ ከስር ታንኳኳለች፤ «ማነው?» ያላትን ትወስደዋለች።

ስምንቱ አልቋል። ዘጠነኛው ላይ ሴትየዋ ራሷ መናገር አለባት። ታርሞ ሞከረው።

«ጉንፋን የያዘው ቄስ ነው የምትመስለው» አለው ኦስሞ።

ታርሞ የሚፈልገውን ድምፅ ያውቀዋል። ልጅ ሆኖ ስስ በረዶ ላይ እንዳይሄድ ያንን ተረት የነገረችው እናቱ አውኔ ናት። አውኔ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ናት፤ የልጇን ዘፈን አንድም ቀን ሰምታ አታውቅም።

«ያ ጩኸታችሁ ውስጥ እኔን ልትከተኝ?» አለችው።

«አትጮሂም እማ። እንደ ድሮው አውሪው ብቻ።»

«ዘማሪዎቹ ቢሰሙስ?»

«እኛን ማን ይሰማናል?»

«ታዲያ ምን ያለፋችኋል?» አለችና የመዝሙር መጽሐፏን ዘጋች። «አንዴ ብቻ ነው የምለው። ሁለተኛ እንዳትለምነኝ።»

ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ፀሐይዋ ብቅ ሳትል የተመለሰች ይመስል ሐይቁ ሰማያዊ ሆኗል። በብርዱ ጣታቸው እንዳይደነዝዝ የሳውናውን ምድጃ አንድደዋል። አውኔ ካፖርቷን እንደለበሰች የእንጨት አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ታርሞ ቴፑን ከፍቶ መቅዳት ጀመረ።

በሹክሹክታ ጀመረች። ታርሞ ተመልሶ የስድስት ዓመት ልጅ ሆነ። የቆመበት ወለል ስስ በረዶ መሰለው፤ ከስሩ የሆነ ነገር ቀስ ብሎ ሲያልፍ ተሰማው። ልክ መጨረሻው ላይ የአውኔ እጅ ከውሃው ባልዲ ጭልፋውን አነሳና በምድጃው የጋሉት ድንጋዮች ላይ ውሃ ደፋ። ሽሽሽ አለ። እንፋሎቱ ቤቱን ሞላው፤ የመጨረሻ ቃሏም አብሮ ጠፋ።

«እትዬ አውኔ፣ ገላ ልንታጠብ እኮ አልመጣንም» አለ ኦስሞ።

«ምን ላድርግ፣ እጄ ነው። ሳውና ውስጥ ቁጭ ብሎ ዝም ማለት አያውቅም።»

ታርሞ ወደ ቴፑ ዞረ። ድገሚው እንዳይላት ነግራዋለች። ቴፑን ወደ ኋላ መልሶ አስጀመረው።

ሹክሹክታዋ መጣ። ከዚያ ያ ረጅም ሽሽሽ፣ ሐይቁ ራሱ የተነፈሰ ይመስል፤ ድምፅዋ እዚያ ውስጥ ቀስ እያለ ሰመጠ። ኦስሞ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ይቺ እኔ ነኝ?» አለች አውኔ።

«አንቺ ነሽ እማ።»

«ታስፈራለች።» ደስ ብሏታል። ካፖርቷን አውልቃ አጠገቧ አስቀመጠችው። «በል እስቲ፣ ከአንደኛው ጀምረህ አሰማኝ።»

ወደዚያ ብትሄዱ ጎራ በሉላቸው፤ ቅዳሜ ከሐይቁ ዳር ጭስ ካያችሁ አሉ ማለት ነው። ፎጣ ያዙ። አውኔ ካሴቱን ሳታሰማ አትለቃችሁም። እባካችሁ ሂዱ፤ እንግዳ አይበዛባቸውም።