ለቤት መኪናው ያሰፋነው ቀበቶ

የዚህ ጉዞ ሰዎች እነዚህ ናቸው። ልጄ ምሕረት፣ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ ከማንጎ ዛፍ ወድቃ የጭኗ አጥንት የተሰበረባት። ባለቤቴ አበበች። ሹፌሩ ተፈራ፣ የሠፈራችን ልጅ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጣሪ። አቶ ዱካሞ፣ የጋሪ ፈረስ ዕቃ የሚሰፋ የሲዳማ ሰው፤ እሱ ከሀዋሳ ባይወጣም የእጁ ሥራ አብሮን ሄዷል። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ፊደል ያለ አስተማሪ የቆጠርኩ፣ መሃል ከተማ የሚስማርና የቀለም ሱቅ ያለኝ፣ በቤቴ ውስጥ ድብብቆሽ የማልወድ ሰው።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው፤ ቤንዚን በኩፖን፣ ጉዞ በቀበሌ ወረቀት። የሀዋሳው ሐኪም የምሕረትን እግር ከወገቧ ጀምሮ በጀሶ ከጠቀለለ በኋላ ጀሶው ተፈቶ አጥንቱ የሚታየው አዲስ አበባ ነው አለኝ። ቀጥሎ ያለውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «በአውቶቡስ እንዳትወስዳት። መንገድ ላይ ከተወረወረች አጥንቱ እንደገና ይለያያል። ያኔ እግሯን ማዳናችንን እንጃ።»

መኪናው

ተፈራ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት ግቢ አንድ እንግዳ መኪና ቆሞ ነበር። የሐይቁን ዳርቻ አፈር ሊያጠና የመጣ ፈረንጅ ትቶት የሄደው ነው። ውስጡ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ የዕቃ ማጠቢያና ቁም ሣጥን አለው። ልጆች «ቤት መኪና» ይሉታል። መጀመሪያ ሳየው ተናደድኩ፤ እኛ ለአንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ወረፋ ስንጠብቅ ሰው ኩሽናውን ይዞ ይዞራል! የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ግን ደግ ሰው ስለነበሩ «ለታመመች ልጅ ከሆነ ነዳጁን ቻሉና ውሰዱት» አሉን።

የፊት ወንበሮች የደህንነት ቀበቶ አላቸው። ከሹፌሩ ጀርባ ያለው ረጅም አግዳሚ ግን ምንም የለውም። ልጄ የምትተኛው እሱ ላይ ነው። ፈረንጁ ለራሱ ሁለት ቀበቶ አስገጥሞ ከኋላ ለሚቀመጥ እንግዳ አንድም አለማሰቡ አስደነገጠኝ።

ከተሰባበረ መኪና ላይ የወጡ ሁለት ቀበቶዎች ገዝቼ ወደ ዱካሞ ሄድኩ። አጭር ስለነበሩ ጠንካራ የሸራ ጥብጣብ ቀጥሎ፣ በሰም በታሸ ክር እየደራረበ ሰፋቸው። ደግሞ ሳይፈትን ዕቃ አይሰጥም። የሲዳማ ሰው ለበዓል ከሚሰበሰብበት ከጉዱማሌ አጠገብ ካለው ሜዳ ወስዶን አንዱን ጫፍ ከግንድ ጋር፣ ሌላውን ከጋሪ ፈረስ ጋር አሰረና ፈረሱን ነዳው። ፈረሱ ተንደረደረ፣ ቀበቶው ተወጠረ፣ ፈረሱ ቆመ።

«አየህ ወንድሜ?» አለኝ። «ፈረስ ይደክመዋል እንጂ ይሄ አይበጠስም።»

«ልጄን ነው የማስርበት፣ ዱካሞ።»

«እኔስ ለማን የሰፋሁ መሰለህ? ለጆንያ ነው?»

አግዳሚው ከኮምፔርሳቶ የተሠራ ሣጥን ነው፤ መቀመጫው ክዳኑ ነው። ኮምፔርሳቶ ብቻውን ቀበቶ እንደማይዝ ስለገባኝ፣ ተፈራ አራት ረጃጅም ብሎኖች በቀበቶዎቹ ጫፎች፣ በክዳኑ፣ በሣጥኑና በወለሉ አሳልፎ ከሥር ካለው የመኪናው ብረት ጋር በዳዶ አጠበቃቸው። በዚህ ምክንያት ሣጥኑ መከፈት አቆመ። እኔ ደስ አለኝ።

ከሀዋሳ ስንወጣ

ማለዳ ምሕረትን በብርድ ልብስ ተሸክመን አስገባናት። አንዱን ቀበቶ በደረቷ፣ ሌላውን በጀሶው ላይ አሳለፍኩ። የብሎኖቹን ራስ አንድ በአንድ በጣቴ ነካሁ፤ አራቱም ቦታቸው ናቸው። ጸለይንና ተነሣን።

«አባዬ፣ አፍንጫዬን ቢበላኝስ?» አለች ምሕረት።

«እናትሽ ታክልሻለች።»

ጥቁር ውሃን ተሻግረን ሻሸመኔ እስክንገባ ተፈራ በዝግታ ነዳ። ድንች የጫኑ አህዮች አስፋልቱን ሞልተውታል። ሻሸመኔ ላይ ሙዝ ገዛን። ከከተማው ወጥተን ብዙም ሳንርቅ የከብት መንጋ ከጥሻ ውስጥ ድንገት ወደ መንገዱ ፈሰሰ። ተፈራ ፍሬኑን ረገጠው። የፈረንጁ ድስቶች ከቁም ሣጥኑ ወደቁ። ዘወር ስል አበበች የመኪናው ወለል ላይ ተንበርክካ ልጅቷን በሁለት እጇ አቅፋታለች። ቀበቶው አንድ ስንዝር ያህል የላላ መሰለኝ። የሸራው መለጠጥ ነው ብዬ አሰብኩ።

«አመመሽ?»

«አላመመኝም። እማዬ ግን ጎኔን ጨመቀችው።»

ዱካሞን መረቅኩት። ለተፈራም ለአበበችም ጥሩ ሥራ ሰውን እንዴት እንደሚያድን ረጅም ንግግር አደረግኩ። ተፈራ ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም፤ አበበች የወደቁትን ድስቶች ትለቅማለች።

ኬላው

ወደ አርሲ ነገሌ ስንጠጋ ገመድ የተዘረጋበት ኬላ አስቆመን። በዚያ ዘመን ከደቡብ የሚመጣ መኪና ሁሉ ለቡና ይፈተሻል፤ ያለ ፈቃድ ቡና ማሳለፍ ክልክል ነው። ጠመንጃ የያዘ ሚሊሺያ በሩን ከፍቶ ምሕረትን ሲያይ አፉን ያዘ።

«ኧረ በሕግ! ልጅቷ ምን አድርጋ ነው እንዲህ የጠፈራችኋት?»

«ታማ ነው፣ ጓድ። እንዳትወድቅ ነው።»

«የታመመ ሰው ይታቀፋል እንጂ ይጠፈራል? እኛ አገር እንዲህ የሚደረገው በሬ ነው።» ወደ ጓደኛው ዞረ። «ና እይ! ምድጃም አላቸው፤ ሊጠብሷት ነው መሰለኝ!»

ምሕረት ሳቀች። ጓደኛው ግን የማይስቅ ሰው ነበር። አግዳሚውን በዱላው መታ መታ አደረገና «ክፈቱት» አለ።

«አይከፈትም፤ በብሎን የታሰረ ነው» አልኩ በሙሉ ልቤ።

«ልጅቷን አንሷት።»

ቀበቶዎቹን ፈትቼ ልጄን አቀፍኳት። ሰውየው ዱላውን በብብቱ ሥር አድርጎ ክዳኑን በአንድ እጁ ሳብ አደረገው። ክዳኑ ተነሣ። አራቱ ብሎኖች ከነቀበቶዎቹ ተንጠልጥለው ወጡ፤ ጫፋቸው ላይ አንድም ዳዶ የለም። ከታች፣ በእኛ ቤት ትራስ ጨርቅ የተጠቀለለ ጥሬ ቡና ተኝቷል።

ቡናውን ያየሁት ኋላ ነው። እኔ የማየው ብሎኖቹን ነበር። ፈረስ ያልበጠሰው ቀበቶ ከምንም ጋር አልታሰረም። ከብቶቹ ጋ ልጄን የያዙት የእናቷ ሁለት እጆች ብቻ ነበሩ። ልጄን እንዳቀፍኳት የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ።

«ተፈራ» አልኩ፣ «ዳዶዎቹ የት አሉ?»

«ኪሴ ውስጥ ናቸው፣ ጋሼ።» ላብ አጥምቆታል። «ትናንት ማታ እትዬ አበበች ሣጥኑን ክፈትልኝ አሉኝ። ብሎኖቹን መልሼ ሰካኋቸው። ከሥር ገብቼ ላጠብቅ ስል መብራት ጠፋ። ጠዋት ልነግርዎት ነበር፤ እርስዎ አንድ በአንድ ሲነኳቸው ሳይ ፈራሁ። ስንደርስ አጠብቃለሁ አልኩ።»

«ስንደርስ? ከደረስን በኋላ ምን ያደርጋል?»

ዳዶዎቹን ከኪሱ አወጣ። አበበች ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ዳዶዎቹ እንዳልተመለሱ እሷም አታውቅም ነበር። ቡናው ተወረሰ። መቶ ኀምሳ ብር ተቀጣን፤ ቅጣቱ ለመሥሪያ ቤቱም እንዲደርስ ተጻፈ። የሚሥቀው ሚሊሺያ ጠመንጃውን አስቀምጦ ብሎኖቹን ከላይ ያዘልን፤ ተፈራ ከመኪናው ሥር ገብቶ አጠበቀ። ይህን ጊዜ እኔም አብሬው አቧራው ላይ ተኝቼ እያንዳንዱን ዳዶ በእጄ ሞከርኩ።

ዝዋይ

ዝዋይ የተጠበሰ ዓሣ በሁለት ብር በላን። ማለቴ እነሱ በሉ። አበበች እሾኹን እየለቀመች ምሕረትን ታጎርሳለች። ተፈራ ራቅ ብሎ ተቀምጧል።

«የምናርፈው ወንድምሽ ቤት ነው» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «ቡና ባትወስጂ ያባርረን ነበር?»

«አያባርረንም። ሚስቱ ለስንት ሳምንት ልጄን ልታጥብልኝ ነው፣ እኔ ባዶ እጄን ልግባ?»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ብጠይቅህ ምን ትል ነበር?»

«አይሆንም እል ነበር።»

«ታዲያ መጠየቁ ምን ይረባኛል?»

«አይሆንም ብዬሽ ቢሆን ብሎኑ አይፈታም ነበር!»

«እሱ እውነት ነው» አለችና እንባዋ መጣ። «አንተ ግን አይሆንም ትላለህ፤ ለምን ብዬ እንደፈለግሁ ጠይቀህ አታውቅም።»

እዚያው ልገሥጻት ቃል አዘጋጅቼ ነበር፤ ተውኩት። የሕግ ጥሰት ጥሰት ነው፤ ዛሬም አይሆንም እላታለሁ። ነገር ግን የቤቴ ሰው በጨለማ ከሹፌር ጋር መመካከር ከእኔ ጋር ከመነጋገር ይልቅ እንደቀለላት ሳውቅ የደነገጥኩትን ያህል በብሎኖቹም አልደነገጥኩም።

አዲስ አበባና መመለስ

ሆስፒታሉ ውስጥ አልጋ ያጡ ሰዎች ኮሪደር ላይ ተኝተዋል። ከደብረ ብርሃን መንገድ በጭነት መኪና ላይ የመጣ አንድ ልጅ አየሁ፤ የተሰበረው አንድ እግሩ ነበር፣ ሲደርስ ሁለት ሆኗል። አባቱ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የምሕረትን እግር ራጅ ያነሣው ሐኪም ግን «አጥንቱ አልተነቃነቀም» አለ። አበበች መሬት ላይ ተቀመጠች።

ተፈራ ከነመኪናው እዚያው ሲጠብቀን ቆይቶ፣ ከሳምንታት በኋላ ምሕረት በክራንች ወጣች። በመመለሻው ቀበቶዎቿን ራሷ አሠረች፤ ዝዋይ ላይ ተፈራን ጠርታ ከእኛ ጋር እንዲበላ አደረገች። ኬላው ጋ ያንኑ ሚሊሺያ አገኘነው። «ሳይጠብሱሽ ተመለስሽ?» አላት።

ሀዋሳ ስንደርስ የመሥሪያ ቤቱ ውሳኔ ቀድሞን ደርሷል። ተፈራ ሰማንያ ብር ከደመወዙ ተቆረጠበት። ቤት መኪናው ለማንም በሽተኛ እንዳይሰጥ ታዘዘ። በዚያው ወር ምጥ የጠናባት የጎረቤታችን ልጅ ወደ ይርጋለም በአይሱዙ ጭነት ላይ ተወሰደች፤ በሕይወት ተመለሰች፣ ልጁ ግን አልተመለሰም። አባቷ በሱቄ በር ሲያልፍ ሰላምታ ይሰጠኛል፤ እኔ ቀና ብዬ ለማየት ይከብደኛል።

የተማርኩት ይህ ነው፤ የማይጠየቅ ሰው ቤት ውስጥ ሁሉ ነገር ከላይ ሲያዩት የታሰረ ይመስላል።

ቀበቶና ስፌት ሃያ ሁለት ብር፣ ነዳጅ ዘጠና ስድስት፣ ቅጣት መቶ ኀምሳ፣ የተፈራ ደመወዝ ሰማንያ፣ የተወረሰው ቡና ሠላሳ። ከመብሉና ከሕክምናው ሌላ በጠቅላላ ከሁላችን የወጣው ሦስት መቶ ሰባ ስምንት ብር ነው። ለልጄ እግር የዋለው ግን መቶ ዐሥራ ስምንቱ ብቻ ነው፤ ሁለት መቶ ስድሳው የተከፈለው አንዲት ሴት ባሏን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ስለፈራች ነው።